ስም የሌለው ዛፍ

ኮክቤል፣ ጥር 12

የተከበሩ ዛውሬሽ አፓይ፤

ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍልዎ አያቴ፣ አታ፣ አያውቁም። ይህን ሳልናገር ወደ ሰላምታው መሄድ አቃተኝ፤ እየጀመርኩ ስቀድ ነው የሰነበትኩት።

አሁን ሰላም ልበልዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ቤትዎ ይሙቅ፣ ማዕድዎ አይጉደል፣ ተማሪዎችዎ ይስሙዎት። እኛ ደህና ነን። በረዶው መስኮቱ ድረስ ደርሷል። አታ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ሲጠየቁ ግን «የበረዶው ጉልበት ነው እንጂ የእኔ ምን ሆነ» ይላሉ።

ኩራላይ ነኝ፣ የኦራዝባይ የልጅ ልጅ። የእርስዎ እናትና የእኔ ሴት አያት የአጎት ልጆች ነበሩ፤ አፓይ የምልዎም በታላቅ እህት ወግ ነው። አባቴና እናቴ ምዕራብ፣ ነዳጅ ከሚወጣበት ከተማ ስለሚሠሩ እኔ ከአታ ጋር ነው ያደግሁት። ባለፈው ሐምሌ ከተማሪዎችዎ ጋር መንደራችን መጥተው፣ ሽማግሌዎቹ በየተራ ብልቃጥ ውስጥ ምራቃቸውን ሲተፉልዎ፣ ሻይ ስቀዳ የነበርኩት ልጅ ነኝ። ስሜን ጠይቀውኝ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ዝም አልኩ። ትዕቢት እንዳይመስልዎ፤ ሰው ሲያዳምጠኝ ድምፄ ይጠፋል። ስልክ ያልደወልኩትም ለዚህ ነው። ስጽፍ ይሻለኛል። ትምህርቴን ከዘጠነኛ ክፍል ስላቆምኩ ፊደል ብስት ይታገሱኝ። ደብዳቤውን የሚኒባሱ ሹፌር ያደርስልዎታል፤ ምንም አይጠይቅም።

ያኔ ለአታ ሲያስረዱ ሰምቻለሁ። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚወርድ ክር አለ፣ ያንን በኮምፒውተር አስልተን ማን ከማን እንደሚገናኝ እናያለን ብለው ነበር። አታ ሳቁና «ይህን ያለ ኮምፒውተር ልንገርሽ» ብለው ሰባት አባቶቻቸውን በአንድ ትንፋሽ ጠሩልዎ።

ነገሬ ይኸው ነው። ቤይቢት የሚባል ልጅ አለ፣ የጎሳው ሽማግሌ የቶለገን አክሳካል የልጅ ልጅ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። እኔም በኅዳር አሥራ ስምንት ሞላኝ። ቤተሰቦቹ ለጋብቻ ሊጠይቁኝ ፈልገው ነበር። የእሱ አባቶችና የእኔ አባቶች ግን ስድስተኛው ላይ ይገናኛሉ። ሰባት ሳይሞላ የተገናኙ እህትና ወንድም መሆናቸውን፣ እንደማይጋቡም እርስዎም ያውቃሉ። አታ ሽማግሌ ሳይላክባቸው በፊት «ወንድምሽ ነው፣ አለቀ» አሉኝ።

አፓይ፣ ሽማግሌዎቹ ሲቆጥሩ አንድ አባት ዘለው ይሆን? ድሮ የሚጻፍ ነገር አልነበረም። አንድ ብቻ ቢጨመር እኮ ይሞላል። ማሽኑ ሰባት ይል እንደሆነ ይዩልኝ።

እጅዎን ስሜ፣
ኩራላይ


አልማቲ፣ የካቲት 4

የኔ ልጅ ኩራላይ፤

ደብዳቤሽ በደህና ደርሶኛል። ሰላም ከቤታችሁ አይራቅ፣ ፈረሶቻችሁን ከተኩላ ይጠብቅላችሁ። አልረሳሁሽም። ለሁሉም ሻይ ስትቀጂ ለእኔ ብቻ ማር ጨምረሽልኝ፣ ማንም እንዳያይብሽ ማንኪያውን እጅጌሽ ውስጥ የደበቅሽ ልጅ ነሽ። እንደዚያ ያለች ልጅ ትዕቢተኛ አትሆንም።

የፈተና ሰሞን ስለሆነ ራሴን ረስቼ ነው ያለሁት። ክፍሌ ውስጥ ግማሾቹ የኮምፒውተር ልጆች ናቸው፤ ደም ከምን እንደተሠራ ስጠይቃቸው ጣሪያ ያያሉ። ግማሾቹ ሐኪም መሆን ፈልገው ነጥብ ያልሞላላቸው ናቸው፤ እነሱ ደግሞ የኮምፒውተሩን ቁልፎች ጊንጥ የተኛባቸው ይመስል በአንድ ጣት ነው የሚነኩት። እኔ መሀል ቆሜ አንዱን ለሌላው አስተረጉማለሁ። ትልቁን ማስሊያ ማሽን ከነዳጅ ምህንድስና ክፍል ጋር ነው የምንጋራው። ገንዘቡ የነሱ ስለሆነ ተራውም የነሱ ነው። የመንደራችሁ ሥራ ገና ወረፋ ላይ ነው።

ጥያቄሽን ልመልስልሽ። እያንዳንዱ አባት ያንን ክር ለልጁ ሲያወርስ ረጅም ጽሑፍ በእጁ እንደሚገለብጥ ሰው ነው። አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ይስታል። ልጁም የተሳተውን እንዳለ ይገለብጠዋል። እኛ የሁለት ሰዎችን ጽሑፍ ጎን ለጎን አድርገን የሚለያዩባቸውን ፊደሎች እንቆጥራለን። ልዩነቱ ከበዛ የሚገናኙበት አባት ሩቅ ነው፣ ካነሰ ቅርብ ነው። ስድስትን ከሰባት መለየት ግን አይሆንም። አንዱ አባት ሁለት ፊደል ይስታል፣ ሌላው ምንም አይስትም። ስለዚህ ማሽኑ ቤይቢትን ሊሰጥሽም ሊከለክልሽም አይችልም። ይህን መጻፍ ከብዶኝ ነው የዘገየሁት።

ተራው ሲደርሰን ለማንኛውም አየዋለሁ። ብዙ አትጠብቂ።

የአታን ጉልበት በፈረስ ቅባት እሺላቸው።
ዛውሬሽ


ኮክቤል፣ የካቲት 19

የተከበሩ ዛውሬሽ አፓይ፤

እጅዎ ይባረክ፣ ዓይንዎ ከዚያ ሁሉ ፊደል አይድከም። ያስረዱኝ ገብቶኛል። ከገባኝ በኋላ የከብቱ ጋጣ ውስጥ ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ፣ ከዚያ ላሞቹን አለብኩ።

ቤይቢትን ውኃ ስቀዳ አገኘሁትና ማሽኑ ስድስትና ሰባትን አይለይም አልኩት። ለእሱ ስናገር ድምፄ አይጠፋም።

«እንግዲያው አንዱን አባት ለአንድ ቀን እንደብቀው» አለ።

«የቱን?»

«አራተኛውን። ፎቶው ላይ ፊቱ ክፉ ነው።»

«በእሱ ጊዜ ፎቶ አልነበረም።»

«ይኸውልሽ! ቀድሞውኑ ተደብቋል ማለት ነው።»

ሳቅን። ባልዲው ከበደኝና ያዘልኝ። በደንቡ «እህቴ» ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አንድም ቀን ብሎኝ አያውቅም።

መንደራችን ውስጥ የሚወራው ስለ ድንጋዩ ብቻ ነው። በግንቦት ጎሳው ለትልቁ አባት ኮረብታው ላይ ድንጋይ ያቆማል፤ የልጆቹ ቅርንጫፎች ስም በሙሉ ይቀረጽበታል። ቶለገን አክሳካል ናቸው የሚመሩት። የአታ ስም በሦስተኛው ቅርንጫፍ ላይ ነው። አታ ማታ ማታ ጫማቸውን እያወለቁ አባቶቻቸውን ይጠራሉ፤ እንዳይሳሳቱ አይደለም፣ ደስ ስለሚላቸው ነው። ልጅ ሳለሁ ሰባቱን ሳልጠራ ምሳ አይሰጡኝም ነበር። ሌሎቹ ልጆች ላይ እንዲህ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ለምን እንደሆነ አሁን ድረስ አልገባኝም።

ወረፋው ሲደርስ ግን ይዩልኝ። ብዙ አልጠብቅም። ትንሽ ብቻ።

ኩራላይ


አልማቲ፣ መጋቢት 24

ኩራላይ፤

የፀደዩ የዘመን መለወጫ በዓል መልካም አለፈላችሁ? ዓመቱ ወተትና ሣር የሞላበት ይሁንላችሁ።

ሂሳቡ ወጥቷል። አይቼዋለሁ።

ብልቃጥ ውስጥ የተፋ ሽማግሌ ሁሉ ከእኔ ጋር ቃል ተግባብቷል፦ በእሱ ላይ የተገኘ ነገር ለእሱ ብቻ ይነገራል፣ ለዚያውም ከጠየቀ። ለልጅ፣ ለልጅ ልጅ፣ ለሚስትም አይነገርም። ይህን ቃል ያወጣሁት እኔው ነኝ፤ ተማሪዎቼንም በየዓመቱ የማስተምረው ይህንኑ ነው። ኦራዝባይ አታ ከጠየቁኝ እመልስላቸዋለሁ። ካልጠየቁኝ ዝም እላለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያልጻፍኩትን አታንብቢ። እለምንሻለሁ።

ዛውሬሽ


ኮክቤል፣ ሚያዝያ 2

የተከበሩ ዛውሬሽ አፓይ፤

ጤና ይስጥልኝ። ያልጻፉትን አንብቤዋለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ምንም ባይገኝ ኖሮ «ምንም የለም» ይሉኝ ነበር። ማሩን ያስታወሱልኝ ሰው እንዲህ አጭር ደብዳቤ አይጽፉም።

ትናንት አታን ራት ላይ ጠየቅኳቸው። ጀርባዬን ሰጥቼ ምድጃው ላይ እንጨት እየጨመርኩ ነው የጠየቅኳቸው፣ ፊታቸውን እያየሁ አልችልም።

«አታ፣ ዛውሬሽ አፓይ የብልቃጡ ነገር ደርሷል አሉ። ከጠየቋት ትነግርዎታለች።»

የሻይ ሳህናቸውን ሲያስቀምጡ ሰማሁ።

«ማን አለሽ?»

«ጽፋልኝ ነው።»

«አንቺ ጽፈሽላት ነዋ!»

«አዎ።»

«ስለዚያ ልጅ።»

ይቆጣሉ ብዬ ነበር፣ አልተቆጡም። የባሰው ይህ ነው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሴትየዋ ምራቅ ስጠኝ አለችኝ፣ እንግዳ ናትና ሰጠኋት። አባቴን ግን አልሰጠኋትም። እንዳትጠይቂያት» አሉኝ። ከዚያ ራቱን ሳይጨርሱ ወጥተው ፈረሶቹ ጋ ቆዩ።

ዛሬ ጠዋት ሰባቱን አልጠሩም። ሰላምታዬን እንኳ ራሳቸውን በመነቅነቅ ነው የመለሱልኝ።

አፓይ፣ እኔ አንድ አባት ተዘሎ ይሆናል ብዬ ነበር የጠየቅኩት። የጠየቅኩትና ያገኙት አንድ አይደለም መሰለኝ። ከእንግዲህ አልጠይቅም። እርስዎም አይጻፉልኝ፤ ሹፌሩ በራችን ላይ ሲቆም አታ ያያሉ።

ኩራላይ


አልማቲ፣ ሚያዝያ 17

ኩራላይ፤

አትጻፊ ብለሽኛል። ሰላምታና ምርቃት የማስቀድምበት ፊት የለኝም። ወሬው ከዚህ ደብዳቤ በፊት ይደርስባችኋል ብዬ እፈራለሁና የሆነውን ከእኔ ስሚው።

ትናንት ክፍል ውስጥ የዘር ዛፍ አሳየሁ። የመንደራችሁን ነው። ስሞቹን በሙሉ አውጥቻቸዋለሁ፤ ወንድ አራት ማዕዘን፣ ሴት ክብ፣ በስም ፈንታ ቁጥር። የመንደሩም የሸለቆውም ስም የለም። ውጭ አገር የተማርኩት እንደዚህ ነው፤ ስሙ ከወጣ ሰውየው ተሰወረ ማለት ነው። ያስተማሩኝ ሰዎች የአያታቸውን አባት ስም የማያውቁ መሆናቸውን አላሰብኩም።

ከኋላ ወንበር ጉልዳና የምትባል ልጅ አለች፣ ከእናንተ ሸለቆ ናት። ስናገር አልሰማችም፤ በጣቷ እየቆጠረች ነበር። ከዚያ ለጓደኛዋ መስሏት ጮክ ብላ፣

«ቆይ፣ ሁለተኛው ሦስት ወለደ፣ መካከለኛው ወንድ ሳይወልድ አለፈ፣ ትንሹ ሁለት ሚስት… ውይ! ይሄ እኮ የኛ ነው!»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር።

«የቶለገን አታ ይኸውላችሁ፣ እዚህ ጋ! ይሄ ደግሞ… አፓይ፣ ሦስተኛው ላይ ያለው ቀይ መስመር ምንድን ነው?»

የቀይ መስመርን ትርጉም ያለፈው ሳምንት አስተምሬያቸዋለሁ። ከፊት የተቀመጠ ልጅ ጎበዝ መሆኑን ሊያሳየኝ እጁን ሳያወጣ መለሰላት፦ «ከግንዱ ያልወጣ ቅርንጫፍ ነዋ።»

ማሳያውን አጠፋሁት። ጉልዳና ደብተሯን ከደነች። ትምህርቱ ሲያልቅ ጠርቼ ለመንኳት። አለቀሰች፣ ለማንም አልናገርም አለች። ማታ ግን እናቷ ደውላ «ምን ሆነሽ ነው ድምፅሽ?» አለቻት፤ ለእናቷ ነገረቻት።

ለክፍል ኃላፊዬ ያደረግሁትን ተናግሬአለሁ፤ የመንደራችሁ ሥራ ቆሟል። ለእናንተ ምን እንደሚጠቅም አላውቅም። እኛ አገር እያንዳንዱ ልጅ ዛፉን በቃሉ እየጠራ ነው የሚያድገው፤ ቅርጹ ራሱ ስም ነው። እኔም ሰባቱን ሳልጠራ ያደግሁ ሰው አይደለሁም። ማወቅ ነበረብኝ።

ኦራዝባይ አታ ቢሰድቡኝ እንኳ ከአፋቸው ብሰማው ይሻለኛል። ነይ ካሉኝ በማግስቱ እመጣለሁ።

ዛውሬሽ


ኮክቤል፣ ግንቦት 1

ለዛውሬሽ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ዓይኔ ስለማያይልኝ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ፤ ቃሉ የኔ ነው።

ልሰድብሽ አስቤ ነበር። ዛሬ ፈረስ ላይ ሆኜ ስሰድብሽ ስለዋልኩ ወጥቶልኛል። አሁን እንደ ሰው ልናገርሽ።

ከጠየቅክ እነግርሃለሁ ብለሻል። ይኸው ጠየቅኩ። ለኔ ግን አትንገሪኝ፣ እኔ አውቀዋለሁ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዘሽ ነይና ኦራዝባይ በደም የዚህ ጎሳ አይደለም ብለሽ በሽማግሌዎቹ ፊት አንብቢው። ሁለተኛ ማንም ተነስቶ ልጅቷንና ልጁን እህትና ወንድም ናችሁ እንዳይላቸው። ስሜ ከድንጋዩ ይቀራል። ከቶለገን ጋር ተነጋግረንበታል።

መንገድሽ የቀና ይሁን። ስትመጪ ወፍራም ልብስ ልበሺ፣ ማለፊያው ላይ ገና ይነፍሳል።

ኦራዝባይ

*

አፓይ፤

ከዚህ በታች ያለው የእኔ ነው። አታ ተኝተዋል። የእሳቸውን ቃል አንድም ሳልቀንስ ጽፌልዎታለሁ፤ የእሳቸው ስለሆነ ደብቄ ማስቀረት አልፈለግሁም። ግን የሆነውን ሁሉ ይወቁ።

ቶለገን አክሳካል ትናንት መጡ። አታ ከፍ ያለው የክብር ቦታ ላይ አስቀመጧቸው፤ እኔ ሻይ ልቀዳ በሩ ጋ ተቀመጥኩ። ስለ ከብት፣ ስለ ሣሩ መዘግየት ሲያወሩ ቆዩ። ቶለገን አክሳካል ሦስት ጊዜ ስኳር ጨመሩ። ከዚያ፣

«ኦራዝባይ፣ እኩያዬ፣ ወሬውን ሰምተሃል።»

«ጆሮዬ ደህና ነው፣ ዓይኔ ነው የደከመው።»

«ድንጋይ ውሸት አይሸከምም እያሉኝ ነው ልጆቹ።»

«ድንጋይ ምን ያውቃል? የምትጽፍበት አንተ አይደለህ!»

«እኔ አይደለሁም ያልኩት። ሳይንስ ነው።»

«ባለፈው ዓመት ሐኪሙ ስብ አትብላ ሲልህ ሳይንስ ውሸታም ነው ብለህ አልነበር?»

ቶለገን አክሳካል ሳቁ፣ አታም ሳቁ። አብረው ነው ያደጉት። ሳቃቸው ሲያልቅ ግን ማንም ቀና አላለም። ከዚያ ቶለገን አክሳካል እኔን በዓይናቸው እያመለከቱ ለአታ ድምፃቸውን አለዘቡ።

«በመልካም ጎኑ እየው እንጂ። ልጆቹ ይዋደዳሉ። ልጅቷን በደስታ እንወስዳታለን። እንቅፋቱ ተነሳ እኮ!»

«የተነሳው እንቅፋት እኔ ነኝ?» አሉ አታ።

ቶለገን አክሳካል ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሱና በር ላይ «ጠራቢው ከነገ ወዲያ ይጀምራል። ስሙን ከቀረጸ በኋላ መፋቅ ነውር ነው። ነገ ማታ ድረስ አስብበት» ብለው ሄዱ። ከነገ ወዲያ ያሉት ነገ ነው አፓይ።

ከሄዱ በኋላ አታ ጠሩኝ። ቁጭ በይ አሉኝ። ተቀመጥኩ።

«አባቴን ያገኘው ሰው በግመል ይሄድ ነበር» አሉ። «የረሃቡ ዓመት ነው። መንገድ ዳር ልጅ ተቀምጦ አየ። ሌሎቹ ተኝተዋል፤ ልጁ ብቻ ነው የተቀመጠው። ጭኖ አመጣው። እዚህም ረሃብ ነበር። አንድ አፍ ጨመርክብን እያሉ ሰዎች ልጁን የማን ልጅ ነህ ይሉት ጀመር። የማን መሆኑን አያውቅም፣ አምስት ዓመቱ ነው። ሰውየው ፈረስ ሳያስተምረው፣ ልብስ ሳያለብሰው በፊት ሰባት አባቶች አስተማረው። የራሱን አባቶች። ከዚያ በኋላ የማን ነህ ሲሉት ልጁ እስከ ሰባት ድረስ ይጠራል። ሰው ዝም አለ። ያወቁትም ዝም አሉ፣ ሞቱም።»

«አታ፣ ያውቁ ነበር?»

«አባቴ ሊሞት ሲል ነገረኝ። ለዚህ ነው ልጁን የከለከልኩሽ። ውሰጂው ብዬ ብፈቅድልሽ አባቴን እዚያው መንገድ ዳር መልሼ ማስቀመጤ ነው።»

ጉልበታቸውን ያዝኩ።

«አሁን ግን ወሬው ወጣ» አሉ። «ደብቄው የማተርፈው የለም። ቢያንስ አንቺ ታትርፊ። ወረቀትሽን አምጪና ጻፊላት።» ይህን ያሉኝ ትናንት ነው፤ ስድቡ እስኪወጣላቸው ቆይተው ዛሬ አጻፉኝ። እየጻፍኩ ሳለ «ስሜ ከድንጋዩ ይቀራል» ሲሉ ድምፃቸው አልተለወጠም። የእኔ እጅ ነው የቆመው። «ምነው፣ ፊደሉ ጠፋሽ?» አሉኝ።

ዛሬ ሲመሽ ቤይቢት አጥሩ ጋ መጣ። ደስ ብሎት ነበር፣ ደግሞም አፍሮ ነበር፤ ሁለቱም ፊቱ ላይ ይታያል።

«አያቴን እኔ አልላክሁትም» አለ።

«አውቃለሁ።»

«የአታ ስም ይውጣ ብዬም አልጠየቅሁም።»

«ቢወጣ ግን ትወስደኛለህ።»

ዝም አለ። ክፉ ስለሆነ አይደለም አፓይ። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ዝም የምል ይመስለኛል። ጥር ላይ ለእርስዎ ስጽፍ አንድ አባት ቢጨመርልኝ ብዬ ነበር የለመንኩት፤ አሁን ሰባቱም ተነስተው መንገዱ ባዶ ሆኖልኛል። የፈለግሁት ነገር በእጄ ነው። ዝም ብዬ ከተቀመጥኩ ብቻ ይሆናል፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ደግሞ ከማንም በላይ እችልበታለሁ።

ቤይቢት ከሄደ በኋላ ብዙ አሰብኩ። ቶለገን አክሳካል የአታን ስም ለማውጣት የደፈሩት፣ አታም እሺ ያሉት፣ ሁለቱም በእኔ ሰበብ ነው። አንዱ ሙሽራ አገኛለሁ ብሎ፣ ሌላው የልጅ ልጄ ታገባለች ብሎ። እኔ ከመሀል ብወጣ ስሙን ለምን ይሰጣጣሉ?

ስለዚህ ወረቀቱን ይዘው አይምጡ። ይህ ሲደርስዎ ነገሩ አልቆ ይሆናል። በሌላ ጊዜ ግን እንደ ዘመድ ይምጡ፤ አታ ልብስ የመከሩዎት መምጣትዎን ስለፈለጉ ነው። ጉልዳናንም አይቆጧት።

ነገ ጠዋት ላሞቹን አልቤ፣ አታ ከፈረሶቹ ሳይመለሱ፣ ቶለገን አክሳካል ቤት እሄዳለሁ። ጠራቢውና ሽማግሌዎቹ እዚያ ቁርስ ይበላሉ። በሩ ላይ አልቆምም፣ ሻይም አልቀዳም፤ ገብቼ እቀመጣለሁ። የአታ ስም ድንጋዩ ላይ ከተቀረጸ የቤይቢት እህት ነኝ እላቸዋለሁ። ካልተቀረጸም የቤታችሁ ሙሽራ አልሆንም፤ ስሙን የምታወጡት በከንቱ ነው እላቸዋለሁ። ቤይቢት እዚያ ካለ እሱን እያየሁ እናገራለሁ፣ ለእሱ ስናገር ድምፄ አይጠፋም። ከሌለም ማንንም ሳላይ እናገራለሁ።

ኩራላይ